ከሲሶ ወደ ስድስተኛ፦ የክልሎች ድጎማ ሲሳሳ ቀመሩ ብቻውን ምን ያድናል?

በ2014 በጀት ዓመት ከጸደቀው 561.7 ቢሊዮን ብር የፌዴራል በጀት ውስጥ 204 ቢሊዮን ያህሉ ለክልሎች የተሰጠ ድጎማ ነበር። ከመቶ 36 እጅ መሆኑ ነው፤ ከሲሶ ይበልጣል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ከጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር ውስጥ ለክልሎች የተያዘው ወደ 315 ቢሊዮን ብር ነው፤ ከስድስት አንድ እጅ ብቻ። በመካከሉ ያሉት ዓመታትም አካሄዱን ያሳያሉ፦ በ2015 እና በ2016 ከመቶ 27 ገደማ፣ በ2017 መጀመሪያ ከጸደቀው በጀት ከመቶ 23።

የድጎማ ክርክር በተነሳ ቁጥር ግን የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። ለየትኛው ክልል ስንት በመቶ ደረሰው? የሕዝብ ቁጥር ምን ያህል ክብደት ይሰጠው? ታዳጊ ክልሎች በቂ አግኝተዋል ወይ? እነዚህ ሁሉ ስለ አቆራረሱ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ዳቦው ራሱ ከጠቅላላው በጀት አንጻር እየሳሳ መሆኑ የሚነገረው ሰኔ ላይ የበጀት መግለጫው ሲነበብ ነው፤ እሱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። ነገሩ ከቁጥር በላይ ክብደት አለው፤ ቋቱ፣ ማለትም ለክልሎች የሚከፋፈለው ጠቅላላ ገንዘብ፣ ሲሳሳ የማከፋፈያ ቀመሩ አንዲት ፊደል ሳትነካ የክልሎች እኩልነት ይፈርሳል። እንዴት እንደሚፈርስ ከታች በስሌት አሳያለሁ።

በመጀመሪያ ግን ለፌዴራል መንግሥት ፍትሐዊ እንሁን። በ2018 ጠቅላላው በጀት ያን ያህል ያበጠው ክልሎች ተነጥቀው ብቻ አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የውጭ ዕዳ ክፍያ በብር ሲሰላ እጥፍና ከዚያ በላይ ሆኗል። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና የደመወዝ ማሻሻያም የማዕከሉን ወጪ ከፍ አድርገውታል። በተሻሻለው የጋራ ገቢዎች ክፍፍል ደግሞ ከጋራ ተጨማሪ እሴት ታክስና ኤክሳይዝ የክልሎች ድርሻ ከ30 ወደ 50 በመቶ አድጓል፤ ይህ ገንዘብ በድጎማው መስመር ላይ አይታይም። ስለዚህ «36 የነበረው 16 ሆነ» ብሎ እዚያው ማቆም ግማሽ እውነት ነው።

ግማሽ የሆነውን እውነት የሚሞላው የብሩ የመግዛት አቅም ነው። ከ2014 እስከ 2017 ድጎማው ከ204 ወደ 222.7 ቢሊዮን ብር አደገ፤ በሦስት ዓመት 9 በመቶ መሆኑ ነው። በእነዚያው ዓመታት የዋጋ ንረት በዓመት 30 በመቶ የደረሰበት ጊዜ አለ። አንድ ወረዳ በ2014 በ10 ሚሊዮን ብር ይሠራው የነበረውን መንገድ በ2017 በ10.9 ሚሊዮን ሊሠራው የሚችልበት ምንም መንገድ አልነበረም።

ቀመሩ እንዴት ይሠራል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 62(7) የጋራ ገቢዎችን ክፍፍልና ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ የመወሰን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል። በተግባር ምክር ቤቱ የሚወስነው አከፋፈሉን ነው። የሚከፋፈለውን ገንዘብ መጠን የገንዘብ ሚኒስቴር ያሰላል፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመክርበታል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቀዋል። አንዱ ምክር ቤት ሳህኑን፣ ሌላው ጭልፋውን ይዟል። ድጎማው ከፌዴራል ገቢ ከዚህ በታች እንዳይወርድ የሚል ወለል በሕግ አልተቀመጠም፤ ከሲሶ ወደ ስድስተኛ ሲወርድም የተጣሰ ሕግ የለም።

ከ1987 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ቀመሩ ጥቂት መለኪያዎችን በክብደት የሚደምር ነበር። ለምሳሌ በ1996 አካባቢ የሕዝብ ቁጥር 65፣ የልማት ደረጃ ልዩነት 25፣ ገቢ የመሰብሰብ ጥረት 10 በመቶ ይይዙ ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን አስተሳሰቡ ተለወጠ። አሁን ለእያንዳንዱ ክልል ሁለት ነገር ይሰላል። አንደኛው የወጪ ፍላጎት ነው፦ ለአስተዳደር፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለንጹሕ ውኃ፣ ለገጠር መንገድና ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት አማካይ ደረጃውን የጠበቀ አገልግሎት ለመስጠት ምን ያህል ብር ያስፈልገዋል? ሁለተኛው የገቢ አቅም ነው፦ ከደመወዝ ግብር፣ ከንግድ ትርፍ፣ ከገጠር መሬት መጠቀሚያ፣ ከግብርና ገቢና ከመሳሰሉት በአማካይ ጥረት ቢሰበስብ ምን ያህል ያገኛል? የሁለቱ ልዩነት የክልሉ ክፍተት ይባላል። የሁሉም ክልሎች ክፍተት ተደምሮ የእያንዳንዱ ድርሻ በዚያው ልክ ይወጣል።

እዚህ ላይ «አቅም» እና «የተሰበሰበ» የሚሉትን ቃላት መለየት ያስፈልጋል። ቀመሩ የሚቀንሰው ክልሉ ሊሰበስብ የሚችለውን እንጂ የሰበሰበውን ስላልሆነ በርትቶ የሰበሰበ ክልል በድጎማው አይቀጣም፤ የተኛም አይካስም። ይህ የቀመሩ ጠንካራ ጎን ነው፤ በማንኛውም ማሻሻያ ሊጠበቅ ይገባል። የአካባቢ ወጪ ልዩነትም ይገባበታል። ሕዝብ በተበታተነበት ቆላ አንድ ትምህርት ቤት የሚያስተናግደው ተማሪ ጥቂት ነው፣ ውኃው ከመቶ ሜትሮች ጥልቀት በማሽን ተቆፍሮ ይወጣል፤ በደጋው ቀበሌ ግን ምንጭ አጎልብቶ በስበት ማውረድ ይቻል ይሆናል። ከቋቱ ተነስቶ ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለቤንሻንጉል ጉሙዝና ለጋምቤላ በተጨማሪነት የሚሰጥ 1 በመቶ በቀመሩ ውስጥ መካተቱም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 89(4) መሠረት ያደረገ ነው፤ አንቀጹ ወደ ኋላ ለቀሩት ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ያዛል።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። ሁለት ክልሎች ብቻ አሉ እንበል። ክልል ሀ 100 ቢሊዮን ብር ያስፈልገዋል፣ 50ውን ራሱ ማግኘት ይችላል፤ ክፍተቱ 50 ነው። ክልል ለ 50 ቢሊዮን ያስፈልገዋል፣ ራሱ ማግኘት የሚችለው 5 ብቻ ነው፤ ክፍተቱ 45። ድምሩ 95 ቢሊዮን። ቋቱ 95 ቢሊዮን ቢኖረው ሁለቱም ሙሉ ፍላጎታቸውን ይሸፍናሉ፤ ፍጹም እኩልነት ይሰፍናል።

ቋቱ ወደ 57 ቢሊዮን ቢወርድስ? ቀመሩ አልተነካም፤ ሁለቱም የክፍተታቸውን 60 በመቶ ያገኛሉ። ሀ 30፣ ለ 27 ይደርሳቸዋል። እኩል ይመስላል። ከራሳቸው ገቢ ጋር ሲደመር ግን ሀ በእጁ 80 ቢሊዮን አለው፤ የፍላጎቱ 80 በመቶ ነው። ለ በእጁ ያለው 32 ቢሊዮን ብቻ ነው፤ የፍላጎቱ 64 በመቶ። አንድም ፖለቲከኛ ሳይጨቃጨቅ፣ አንድም የክብደት ነጥብ ሳይለወጥ በሁለቱ ክልሎች ልጆች መካከል የ16 ነጥብ ልዩነት ተፈጠረ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የራሱ ገቢ ያለው ክልል የድጎማ ቅነሳ የሚነካው ከፊል አካሉን ነው፣ የሌለውን ግን መላ አካሉን።

የድጎማው መሳሳት መጀመሪያ የሚጎዳው ቀመሩ ይጠብቃቸዋል ተብለው የታሰቡትን ክልሎች ነው። የገቢ ምንጩ የት እንደተከማቸ ለማየት አንድ ንጽጽር ይበቃል፦ አዲስ አበባ ለ2018 ያጸደቀችው የከተማ በጀት ከ350 ቢሊዮን ብር ይበልጣል፤ ለአሥራ ሁለቱም ክልሎች ከተያዘው የፌዴራል ድጎማ በላይ ነው።

ወረዳ ላይ ሲደርስ

ክልሎች የደረሳቸውን ድጎማ ከራሳቸው ገቢ ጋር ደምረው በየራሳቸው ቀመር ለወረዳ ያወርዳሉ። የወረዳ ጥቅል ድጎማ በ1995 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል ሲጀመር ሐሳቡ ወረዳው በራሱ ምክር ቤት ቅደም ተከተሉን እንዲወስን ነበር። ነፃነቱ በወረቀት አለ። በገንዘቡ ውስጥ ግን ቦታ የለውም፤ አብዛኛው መምህርን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን፣ የግብርና ልማት ሠራተኛንና የጽሕፈት ቤት ሠራተኛን ደመወዝ ከፍሎ ያልቃል።

ለምሳሌ ያህል 100 ሚሊዮን ብር ያለው ወረዳ እንውሰድ፦ 85 ለደመወዝ፣ 9 ለሥራ ማስኬጃ፣ 6 ለካፒታል። ደመወዝ በ30 በመቶ ይጨመር። 85ቱ 110.5 ይሆናል። የወረዳው ጠቅላላ በጀት በ20 በመቶ አድጎ 120 ቢደርስ እንኳ ለሥራ ማስኬጃና ለካፒታል የሚተርፈው 9.5 ሚሊዮን ነው፤ ቀድሞ 15 ነበር። በጀቱ አደገ፣ ወረዳው ግን ደኸየ። የደመወዝ ስኬል የሚወሰነው በማዕከል መሆኑን እናስታውስ። በመስከረም 2018 በተደረገው ማሻሻያ የዲግሪ ጀማሪ ሠራተኛ ወርኃዊ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ለሠራተኛው ይገባዋል፤ ኑሮው ከዚያ በላይ ተወዷል። ጭማሪው ከነሙሉ ማካካሻው ወረዳ ድረስ ካልወረደ ግን የሚከፈለው ከጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ ከትምህርት ቤቱ ጠመኔና ከባለሙያው የመስክ ውሎ አበል ላይ ተቆርጦ ነው። ሠራተኛው ደመወዙን ይዞ፣ የሚሠራበትን ሳይዝ ቢሮ ይቀመጣል።

ከዚህ ላይ የማዳበሪያ ዕዳ ይመጣል። ክልሎች በበጀታቸው ዋስ ሆነው ከባንክ የሚወሰደው የማዳበሪያ ብድር በወቅቱ ሳይመለስ ሲቀር ተቀናሹ ከድጎማቸው ላይ ይነሳል። ሰንሰለቱ ረጅም ነው። ገበሬው በዱቤ ይወስዳል፣ ማኅበሩ ይሰበስባል ይባላል፣ ድርቅ ወይም የዋጋ መውደቅ ይመጣል፣ አንዳንድ ቦታም የተሰበሰበው በመንገድ ይቀራል፤ ዕዳው ግን በመጨረሻ የሚያርፈው ከብድሩ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው መምህር ደመወዝ ላይ ነው። ባለፉት ዓመታት በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል በአንዳንድ ዞኖች ደመወዝ ለወራት ሲዘገይ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። እንደኔ እምነት ከአንድ ወር ድጎማ ከተወሰነ ድርሻ በላይ ለዕዳ እንዳይቆረጥ የሚከለክል ደንብ ከቀመሩ ማሻሻያ ጋር አብሮ መውጣት አለበት። ግለሰብ ተበዳሪ እንኳ ደመወዙ ሙሉ በሙሉ አይያዝበትም።

ካፒታል በጀት ተርፎ ቢገኝም የቀን መቁጠሪያው ያሰናክለዋል። የፌዴራል በጀት ሰኔ መጨረሻ ይጸድቃል። የክልል ምክር ቤቶች ሐምሌ ላይ ይሰበሰባሉ፣ የወረዳው ተራ ሐምሌ መጨረሻ ወይም ነሐሴ ይደርሳል። ያ ክረምት ነው፤ ጠጠር የጫነ መኪና ገጠር አይገባም። መስከረም የጨረታ ሰነድ ይዘጋጃል፣ ጥቅምት ማስታወቂያ ይወጣል፣ ኅዳር ተከፍቶ ይገመገማል፣ ቅሬታ ካልቀረበ ታኅሣሥ ውል ይታሰራል። ተቋራጩ ቅድመ ክፍያ ተቀብሎ ጥር ላይ ቦታ ይረከባል። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ የበልግ ዝናብ መጋቢት ላይ ይጀምራል። በዓመቱ ውስጥ በትክክል የሚሠራበት ጊዜ ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ወር ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፣ ያልዋለው በጀት ተመላሽ ይሆናል።

ስለዚህ ሰኔ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንዱ የሰኔ ግዢ ነው፦ ገንዘቡ ከሚመለስ ተብሎ ማንም ያልጠየቀው ወንበር፣ ጎማና ወረቀት ይገዛል። ሌላው ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ያልለበሰ ጤና ኬላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ይህ ጅምር ሥራ ከአዲስ በጀት ድርሻውን ሲጠይቅ ተቋራጩ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ማስተካከያ ይዞ ይቀርባል፤ የቀረው 40 በመቶ ሥራ ከመጀመሪያው 60 በመቶ የበለጠ ገንዘብ ሊፈልግ ይችላል። የወረዳው ምክር ቤት ደግሞ ለአዲስ ቀበሌ አዲስ ፕሮጀክት ቃል ገብቷል። ጅምሩ እዚያው ይቆማል።

ለካፒታል ሥራ ተብሎ የተለየ ቋት የለም ማለት አይደለም። ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ የሚባለው ዓላማ ተኮር ድጎማ ለዚሁ የታሰበ ነው፤ መጠኑ ግን ከ2015 እስከ 2018 ለአራት ተከታታይ ዓመታት 14 ቢሊዮን ብር ላይ ቆሟል። በሐምሌ 2014 መጨረሻ አንድ ዶላር በባንክ ወደ 52 ብር ነበር፤ 14 ቢሊዮኑ ወደ 270 ሚሊዮን ዶላር ይመነዘር ነበር። በ2018 መግቢያ ዶላሩ ከ130 ብር አልፏል፤ ያው 14 ቢሊዮን ከ110 ሚሊዮን ዶላር በታች ሆኗል። የውኃ ፓምፕ፣ የሶላር ፓነልና የጉድጓድ ቱቦ ከውጭ የሚገቡ ስለሆኑ ይህ ንጽጽር ባዶ ሒሳብ አይደለም። በክልሎች መካከል ያለውን ልዩነት ለማጥበብ አገሪቱ ካሏት መሣሪያዎች ሁሉ ግልጹ ይህ ነበር፤ በዝምታ ከግማሽ በላይ ተሸራርፏል።

የሌሎች ልምድ

ኬንያ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥቷ ለ47ቱ ካውንቲዎች ከብሔራዊው መንግሥት ገቢ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲሰጥ አስገድዳለች። ከዚህ ሌላ የገቢው 0.5 በመቶ ለ20 ዓመት ወደ ኋላ ለቀሩ አካባቢዎች ለውኃ፣ ለመንገድ፣ ለጤናና ለኤሌክትሪክ እንዲውል ደንግጋለች። ከልምዷ ሁለት ነገር መውሰድ ይቻላል። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው፦ 15 በመቶው የሚሰላው ኦዲት ተደርጎ በጸደቀ የመጨረሻ ዓመት ገቢ ላይ ስለሆነ ኦዲቱ በዘገየ ቁጥር ወለሉ ካረጀ ቁጥር ላይ ይቆማል። የኋላ ቀር አካባቢዎች ፈንዱም ማን ያስተዳድረው በሚል ሙግት ለዓመታት ተጓቷል፤ ካውንቲዎቹን አልፎ ከማዕከል እንዲሠራ የወጣውን መመሪያ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ፍርድ ቤት ሽሮታል።

ሁለተኛው ስለ ቀመር ለውጥ ፖለቲካ ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የኬንያ ሴኔት አዲስ ቀመር ለማጽደቅ በተደጋጋሚ ተሰብስቦ ከሽፏል፤ ምክንያቱም በአዲሱ ቀመር የሚቀነስባቸው ካውንቲዎች ነበሩ። የተፈታው ጠቅላላው ቋት ከ316.5 ወደ 370 ቢሊዮን ሽልንግ ከፍ እንዲል በመስማማት ነው፤ ማንም ከቀድሞው በታች ሳይወርድ አዲሱ ቀመር ገባ። ለእኛም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ቋቱ እየሳሳ ባለበት ዓመት የቀመር ለውጥ ማምጣት በእሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። ኅብረቱ የአካባቢዎችን ልዩነት ለማጥበብ የሚያወጣው ገንዘብ የማንንም ደመወዝ አይከፍልም ማለት ይቻላል፤ ለኢንቨስትመንት የተለየ ነው። ከ2021 እስከ 2027 (እ.ኤ.አ.) ለሰባት ዓመት 392 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ተመድቧል። የነፍስ ወከፍ ምርቱ ከኅብረቱ አማካይ 75 በመቶ በታች የሆነ አካባቢ ከፕሮጀክቱ ወጪ እስከ 85 በመቶ ይሸፈንለታል፣ የቀረውን አገሩ ይጨምራል። የአንድ ዓመት ድርሻ በዚያው ዓመት ባያልቅም በርካታ ዓመት ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠዋል እንጂ በበጀት መዝጊያ ቀን አይቃጠልም። የኅብረቱ ገንዘብ አገሩ ራሱ ያወጣው የነበረውን እንዳይተካ የሚልም መርህ አላቸው፤ በእኛ በቀደሙት ዓመታት ወደ አንድ ክልል በቀጥታ የመጣ የውጭ እርዳታ ከድጎማው ላይ ይቀናነስ ከነበረው አሠራር ፍጹም ተቃራኒ ነው።

እዚያም የወደፊቱ አከራካሪ ሆኗል። የአውሮፓ ኮሚሽን በሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) ለ2028–2034 ባቀረበው ረቂቅ የግብርናውንና የአካባቢ ልማቱን ገንዘብ በአንድ ላይ ጠቅልሎ በየአገሩ በሚዘጋጅ ዕቅድ፣ 865 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ፣ እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቧል። ወደ ኋላ ለቀሩ አካባቢዎች ቢያንስ 218 ቢሊዮን ዩሮ እንዲጠበቅ አድርጓል፤ ያም ሆኖ ክልሎቹ ገንዘቡ በየዋና ከተማው እንዳይቀር ሰግተው ተቃውመዋል። ስጋታቸው ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም።

ምን ይደረግ?

የሕዝብ ቁጥሩን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ቆጠራ እንዲደረግ ያዛል፤ የመጨረሻው የተካሄደው በግንቦት 1999 ነው፣ በአፋርና በሶማሌ ደግሞ በኅዳር 2000። ከዚያ በኋላ የታቀደው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ያኔም የአማራ ክልል ውጤት ከተተነበየው በብዙ አንሶ መገኘቱ በምክር ቤት ክርክር አስነስቶ ነበር። ዛሬ ድጎማ የሚከፋፈለው በዚያ መሠረት ላይ በተሠራ ትንበያ ነው። በመካከሉ የደቡብ ክልል አራት ክልል ሆኗል፣ በጦርነትና በግጭት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሏል፣ ከተሞች አብጠዋል። ቆጠራው እስኪደረግ በፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ እንተካው የሚል ሐሳብ ይሰማል፤ አደገኛ ነው። ምዝገባው ቀድሞ የሚያድገው መብራትና ኔትወርክ ባለበት ስለሆነ የሩቁን አርብቶ አደር ቀበሌ ከመቁጠሪያው ያወጣዋል። የተማሪ ምዝገባ፣ የክትባትና የጤና ኤክስቴንሽን የቤተሰብ መዝገብ ተነጻጽረው ትንበያውን ለማረም ቢውሉ ይሻላል።

አዳዲሶቹ ክልሎችም ተጨማሪ ወጪ ይዘው መጥተዋል። እያንዳንዱ የራሱ ምክር ቤት፣ ካቢኔ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ያስፈልገዋል፤ የደቡብ ኢትዮጵያን ቢሮዎች በበርካታ ከተሞች የበተነው አደረጃጀት ደግሞ የትራንስፖርትና የአበል ወጪ ይጨምራል። ቀመሩ ይህንን የአስተዳደር ወጪ ሙሉ በሙሉ ቢሸፍን ክልል ለመሆን የሚያበረታታ ይሆናል፤ ባይሸፍን ደመወዝ ይዘገያል። በእኔ ግምት ለአዲስ ክልል ማቋቋሚያ የሚሰጠው በዓመት እየቀነሰ በአምስት ዓመት የሚያልቅ ተለይቶ የሚታወቅ ገንዘብ ቢሆንና ወደ ዘላቂው የወጪ ፍላጎት ስሌት ባይቀላቀል ይመረጣል።

የገቢ ምንጮቹ ለውጥም ልዩነቱን ሊያሰፋ ይችላል። በ2017 የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ ለክልሎችና ለከተሞች ጥሩ ምንጭ ነው። ነገር ግን ለባሕር ዳር፣ ለአዳማና ለሐዋሳ የሚያስገኘውን ለጂንካ ወይም ለአሶሳ አያስገኝም። የጋራ ተጨማሪ እሴት ታክስ ድርሻ ማደጉም እንዲሁ። እነዚህ በገቢ አቅም ስሌት ውስጥ በየዓመቱ ካልገቡ ቀመሩ ከእውነታው በብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ማዕከሉም ቢሆን እንደ ቀድሞው ከብሔራዊ ባንክ ተበድሮ ቋቱን መሙላት አይችልም፤ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በተገባው የዓለም የገንዘብ ድርጅት ፕሮግራም ያ በር ተዘግቷል።

ስለዚህ የሚከፋፈለው ገንዘብ ለጥቂት ዓመታት በቂ አይሆንም ብሎ መነሳት ይሻላል፤ በቂ ባልሆነበት ዓመት እንዴት ይከፋፈል የሚለው መልስ ያሻዋል። ከላይ ወዳየነው ምሳሌ እንመለስ። ቋቱ 57 ነው። ሁለቱ ክልሎች በራሳቸው ያላቸው 55 ሲደመር 112 ቢሊዮን ይሆናል፤ ፍላጎታቸው 150 ነው። ሁሉም እኩል 74.7 በመቶ ይሸፈንለት ብንል ሀ ከድጎማው 24.7 ቢሊዮን፣ ለ ደግሞ 32.3 ቢሊዮን ያገኛል። ድምሩ ያው 57 ነው። ሀ ከነበረው 5.3 ቢሊዮን ይቀነስበታል፤ አይወደውም፣ ይሟገታል። የኬንያን ልምድ ብንከተል በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ ቋቱ ላይ የሚጨመረውን ገንዘብ ብቻ በዚህ ስሌት እያከፋፈሉ ሦስትና አራት ዓመት መሄድ ይቻላል። ማንም በብር ከአምናው በታች አይወርድም፣ ልዩነቱ ግን መጥበብ ይጀምራል።

ይህ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አያስፈልገውም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔ ይበቃዋል። ከፌዴራል የአገር ውስጥ ገቢ የሦስት ዓመት አማካይ ላይ የሚሰላ የድጎማ ወለል ማስቀመጥና ዓላማ ተኮሩን ድጎማ ሰኔ 30 የማይዘጋ የሦስት ዓመት ቋት ማድረግ ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን አዋጅ ይፈልጋል። ወለሉ ከጠቅላላ በጀቱ ሳይሆን ከገቢው ላይ እንዲሰላ የምለው የዕዳ ክፍያ በጀቱን ባበጠው ቁጥር ማዕከሉ ሊከፍለው የማይችለው ግዴታ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ሁለቱም ጉዳዮች የበጀት ጣሪያ ለክልሎች ከመገለጹ በፊት ካልተወሰኑ ለአንድ ዓመት ይዘገያሉ፤ በዚያ ዓመትም ጣሪያ ያልለበሰው ጤና ኬላ ሌላ ክረምት ይመታዋል።